በቀኝ በኩል የሚወጣው ፈረሰኛ

ማክሰኞ፣ ግንቦት አሥራ ሁለት ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ፈንቴ አሸዋ ላይ ወደቀ። ከፈረስ ወደቀ ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ ፈረሷ ላይ ገና አልወጣም ነበር። የወደቀው ምዕራብ አየርላንድ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር ያለ፣ ዛሬ እንግዳ የሚያርፍበት የድሮ መኳንንት ግንብ ግቢ ውስጥ ነው። የደረሰበት ጉዳት የግራ መዳፉ ትንሽ መላላጥ ብቻ ነው። ሲወድቅ ያየነው አራት ነን፦ ልጁ ትርሲት፣ የጋጣው ኃላፊ ኖራ፣ ፈረሷን ይዛ የነበረች ሠራተኛ፣ እና ደብተሬን ይዤ አጥሩን የተደገፍኩት እኔ።

“ዳድ! አር ዩ ኦኬ?” አለች ትርሲት አጥሩን ዘልላ እየገባች።

“እኔ ደህና ነኝ። የደነገጠችው ፈረሷ ናት፤ እሷን ጠይቂያት” አለ ፈንቴ፣ እንደተቀመጠ አሸዋውን ከሱሪው እያራገፈ።

ፈንቴ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አሜሪካ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ጋራዥ ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ሲያቆምና ሲያወጣ ኖሮ ባለፈው ገና ሰሞን ጡረታ ወጣ። አንድ ልጁ ትርሲት እዚያው ተወልዳ ያደገች የጥርስ ሐኪም ናት። ለጡረታው የሰጠችው ስጦታ ይኸው ነበር፦ ግንብ ቤት ውስጥ አምስት ቀን ማረፍ፣ በየቀኑ ፈረስ መጋለብ። ቦታ የተያዘው ለሦስት ሰው ሲሆን ሦስተኛዋ እናቷ እናኑ ነበረች። እናኑ ግን ፈረስም አውሮፕላንም አትወድም። “የእኔን ቦታ ለጋሼ ስጡት” አለች። “እኔ ባሌ ሲወድቅ ለማየት ውቅያኖስ አልሻገርም። እሱ ቢያንስ ይጽፈዋል።” ጋሼ የምትለው እኔን ነው። በዚህ ዓይነት በሰባ አራት ዓመቴ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርትመንቴ ተነሥቼ የመኳንንት እንግዳ ሆንኩ።

ከጉዞው በፊት የተላከውን ቅጽ የሞላችው ትርሲት ናት። የጋላቢውን ችሎታ የሚጠይቅ መስመር አለው፦ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የላቀ። ለራሷ ጀማሪ አለች። ለእኔ አይጋልብም ብላ ጻፈች። ለአባቷ የላቀ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። አባቷን ግን ፈረስ ላይ አይታው አታውቅም። ሲያወራ ብቻ ነው የሰማችው፤ የሰማችው እውነት ይሁን አይሁን ለማወቅ ስትል ያን ሁሉ መንገድ እንዳመጣችን ያኔ አልነገረችኝም።

በጋዜጠኝነት ሙያዬ ብዙ ትልልቅ ቤቶች ገብቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በጓሮ በር ነው። እዚህ የገባነው በፊት በር ነው፤ ከመንገዱ እስከ ግንቡ ድረስ በግራና በቀኝ ያረጁ ዛፎች ቅርንጫፎቻቸውን አገናኝተው ጣሪያ ሠርተዋል። ዝናቡ ልብስ የማያርስ፣ ግን ቀኑን ሙሉ የማያባራ ካፊያ ነው። ለቦት ጫማ ብቻ የተሠራ ክፍል አላቸው፤ ከሕፃን እግር እስከ ግዙፍ ሰው እግር በቁጥር ተራ የተደረደሩ፣ አንዱም ጭቃ የሌለበት። ከጋጣ ስንመለስ ያወለቅነውን ወስደው በማግስቱ ደርቆና ተወልውሎ በራፋችን ላይ እናገኘዋለን፤ ማን እንደሚያመጣው አንድ ቀን እንኳ ሳላይ ቀረሁ። የቁርስ አስተናጋጁ ሻይ ያለ ወተት እንደምጠጣ አንዴ ከሰማ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ጋጣው ውስጥ የእያንዳንዱ ፈረስ ስም በናስ ላይ ተቀርጾ በበሩ ተለጥፏል፤ ገለባው እንደ አልጋ ተስተካክሎ ተነጥፏል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሠራው ነገር ደስ ይለኛል፤ እዚያ ያልተሠራ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ፈንቴም ጋጣውን ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ፣ “ከእኛ አፓርትመንት ይሻላል” አለኝ። “ማሞቂያው ሳይቀር ይሠራል።”

ሰኞ እንደደረስን ኖራ የኮርቻ ማስቀመጫውን ክፍል ስትከፍት የቆዳ፣ የሰምና የፈረስ ላብ ሽታ ወጣ። ፈንቴ ደፉ ላይ ቆመ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ወሰደበት። እኔንም ሽታው ወሰደኝ፤ የወሰደኝ ግን ፈረስ ወዳለበት አልነበረም። ፈንቴ ጋራዡ በር ላይ ባለችው የመስታወት ዳስ ውስጥ የመኪና ቁልፍ የሚሰቅልበት ጠፍር ነበረው፤ ከአገሩ ይዞት የመጣ የፈረስ ዛብ ቁራጭ። ሥራ ሲፈታ በጣቶቹ ሲያሻሸው ስለሚውል ዳሱ በሙሉ ያንን ይሸት ነበር።

ያን ጊዜ እኔ የአማርኛ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበርኩ። አዘጋጅ ማለት ጸሐፊም፣ አራሚም፣ ተሸካሚም ነው። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ከአንድ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ዓምዶቹን በምላጭ እየቆረጥን በሰም እናጣብቃለን፤ ቅዳሜ ጠዋት እስሩን ብብቴ ውስጥ ይዤ በአውቶቡስ ወደ ሱቆቹ እሄዳለሁ። ጆርጂያ አቬኑና ኮልስቪል ሮድ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የስልክ ዳስ ነበር፤ አገር ቤት መደወያ ባለ አምስት ዶላር ካርድ የያዘ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል፣ ወረፋው ላይ የማይሰማ ወሬ አልነበረም። ወንዶቹ ቀበቷቸው ላይ ፔጀር የሚሉትን የጥሪ መቀበያ ይሰካሉ። ቅዳሜ የሚለበሰው ከልባሽ ሱቅ የተገዛ፣ ትከሻው የሚሰፋ፣ ቁልፉ ሁለት ረድፍ የሆነ ኮት ነው፤ እኔም ግራጫ ነበረኝ፣ እጅጌው እስከ ጣቶቼ ይደርስ ነበር። አዲስ ካሴት የመጣ እንደሆነ አንዱ ገዝቶ አሥር ሰው ይገለብጠዋል፤ አሥረኛው ዘንድ ሲደርስ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ለምን እንደመጣንና ማን በምን ዓመት እንደመጣ ብዙ አይወራም፤ የሚወራው ስለ ሥራ ሺፍት ነበር። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ሳልፍ ስልኩ ተነቅሎ የቆመበት ብረት እንኳ የለም፤ ወጣቶቹ መንገድ እየተሻገሩ ወደ ጆሯቸው ሳያስጠጉ ያወራሉ።

ስለሚሠሩ ሰዎች የምጽፈው ዓምድ ነበረኝ፤ አንድ ሳምንት የፈንቴ ተራ ደረሰ። ሆቴሉ ከኪንግ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጥቁር ቀይ ሰደርያ ለብሶ፣ ፓፒዮን አስሮ አገኘሁት፤ ለመጀመሪያው ሰዓት ሦስት ዶላር የሚል ሰሌዳ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። በዚያ ዳስ ውስጥ፣ በሁለት መኪና መካከል፣ ጉግስ ተጫዋች እንደነበረ ነገረኝ። አገሩ ጎጃም፣ የአገው አገር ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በጊዮርጊስ ዕለት አገር በተሰበሰበበት ሜዳ ላይ አሸንፎ ለፈረሱ የጌጥ ልብስ፣ ግላስ፣ ተሸለመ።

“ማን አየህ?” አልኩት።

“አገር ነዋ።”

“ስሙን የምጽፈው ሰው ንገረኝ። እዚህ ያለ፣ የማገኘው።”

“እዚህ ያለ ማንም አላየኝም።”

“አንድ ምንጭ አይበቃኝም፤ ሁለተኛ አምጣ።”

ፈንቴ አሰበ። “ሁለተኛው ፈረሱ ነበር” አለ። “እሱም ሞቷል።”

ሳቅን። ቤት ስገባ ግን አንቀጹን ቆረጥኩት፤ ደንቤ ነው። የወጣው ጽሑፍ ፈንቴ ትጉ ሠራተኛ መሆኑን፣ አንድም መኪና ጭሮ እንደማያውቅና ቤተሰብ ለማምጣት እየተዘጋጀ መሆኑን ይላል። ፎቶው ጥሩ ወጥቶ ነበር። ፈንቴ ቅሬታ አላቀረበም፤ ቆርጦ ዳሱ ውስጥ ከጠፍሩ አጠገብ ለጠፈው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምናዘወትራት ምግብ ቤት የሚመጡት ባለታክሲዎች ግን ወሬውን ከእሱ አፍ ሰምተውታል፣ ጋዜጣው ላይ እንደሌለም አይተዋል። የጥንት ፈረሰኛ በፈረሱ ስም አባ እገሌ ይባል የለ? ፈንቴ በገባ ቁጥር ከጥግ አንዱ፣ “አባ ፓርኪንግ መጡ! ቦታ ልቀቁላቸው!” ይላል። ሌላው ወንበር ላይ ፈረስ እንደሚጋልብ ይሆናል። “ሳቅ፣ ሳቅ” ይለዋል ፈንቴ። “ነገ ሆቴሉ ስትመጣ መኪናህን ራስህ ታወጣታለህ።” አንድም ቀን ሲቆጣ አላየሁትም። ስለ ፈረስ ማውራት ያቆመበትን ቀን ግን ልብ አላልኩትም፤ ማቆሙን ያወቅኩት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ኖራ ሃምሳዎቹን የጨረሰች፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ንግግሯ አጭር ሴት ናት። ባልደራስ የሚባለው የጥንት የፈረስ ቤት ሹመት ዛሬ ቢኖር ለእሷ ነው የምሰጠው። ደንቧ ማንም ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት አሸዋው ላይ እንዲሞከር ነው። ለፈንቴ ቁመቷ ረዘም ያለ ዳማ ፈረስ አቀረበችለት። ሠራተኛዋ ልጓሟን ይዛለች፤ በፈረሷ ግራ የእንጨት መወጣጫ ተቀምጧል። ፈንቴ መወጣጫውን አየው፣ በፈረሷ ግንባር በኩል ዞረ፣ በሌላው ጎን ቆሞ ጋማዋን ያዘና ቀኝ እግሩን ወደ ርካቡ አነሣ። ፈረሷ በዚያ በኩል ሰው ሲመጣባት አይታ አታውቅም። ወደ ጎን ዘለለች። የቀረውን ተናግሬዋለሁ።

ኖራ አልሳቀችም። እጁን ይዛ አነሣችው፣ መዳፉን አየችለት፣ ከዚያ የእንግዶች ስም በጠመኔ ወደተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ ሄዳ ከስሙ አጠገብ ያለውን ቃል አጠፋችና “ጀማሪ፣ በገመድ” ብላ ጻፈች። ትርሲት ሰሌዳውን አነበበች። አባቷን አላየችውም።

ረቡዕ ፈንቴ አንዲት ወፍራም ድንክ ፈረስ ላይ በመወጣጫው፣ በግራ በኩል፣ እንደታዘዘው ወጣ። ገመዱን ሠራተኛዋ ይዛ ግቢውን ለግማሽ ሰዓት አዞረችው። ከጎኑ ትርሲት ትማራለች፦ ግራ እጅ ጋማ ላይ፣ ግራ እግር ርካብ ውስጥ፣ ሦስት ቁጠሪ፣ ተነሺ። ፈጥና ነው የያዘችው፤ ኖራ ሁለት ጊዜ ጥሩ አለቻት፣ ለኖራ ብዙ ነው። ፈንቴ ድንኳ ፈረስ ላይ ሆኖ በአጠገቤ ሲያልፍ በአማርኛ፣ “ጋዜጠኛው! ይኼንንም ጻፈው፤ በዚህ ዕድሜዬ ታዝዬ ሄድኩ በል” አለኝ። ፊቱ ግን አይቀልድም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሐይቁን በሚያየው የመስታወት ክፍል ከትርሲት ጋር ሻይ ጠጣን። የምታወራኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው የእኔ ነው። ጋሼ የሚለውን ብቻ እሷ ናት ያለችው።

“ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። አባቴ ይዋሻል?”

“ስለ ምን?”

“ስለ ፈረሱ።”

ከዚያ ተረከችልኝ፦ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቹ ከቤታቸው አንድ ነገር አምጥተው ክፍል ውስጥ እንዲያስረዱ ታዘዙ። እሷ ከዳሱ ግድግዳ የተነቀለውን ጋዜጣ ወሰደች። ፎቶውን አሳይታ፣ አባቴ የታወቀ ፈረሰኛ ነው፣ እዚህ ተጽፏል አለች። በዚያ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያነብ አይጠፋም። በቅርብ የመጣች አንዲት ልጅ ተነሥታ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ፈረስ የሚል ቃል የለም፤ መኪና የሚል ብቻ ነው ያለው አለች። ክፍሉ ሳቀ።

“ቤት ገብቼ ምንም አልነገርኩትም” አለች ትርሲት። “ከዚያ በኋላ ስለ ፈረስ ሲያወራ ሌላ ክፍል እሄዳለሁ። እሱም ተወው። አሁን ሰባ ሊሞላው ነው፤ ቅጹ ላይ የላቀ ብዬ ሞላሁ፣ ትናንት ደግሞ ያየኸውን አየሁ። እንደተዋሸሁ ብኖር ይሻለኝ ነበር፤ ውሸቱን ከማውቅ።”

አንቀጹን የቆረጥኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት። ሻይዋን አልጨረሰችም።

ክፍሌ ገብቼ ማክሰኞ የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩ። “መወጣጫውን አየ፤ ዞረ፤ በቀኝ” ይላል። ያኔ ሌላ ደብተር ትዝ አለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ፣ ጀማሪ ዘጋቢ፤ ጎጃም ውስጥ የአንድ በዓል ፈረስ ጨዋታ እንድዘግብ ተልኬ። ዱቄት የመሰለ አቧራ፣ ቀይ ግላስ የለበሰ ፈረስ፣ ነጭ ጃኖ፣ በስሙኒ የሚሸጥ የጠላ ጣሳ። ፈረሰኞቹ ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ ቆሜ አየኋቸው፤ ሁሉም በቀኝ በኩል ነበር የሚወጡት። አንድ ሽማግሌ ጠየቅኩ። “ጎራዴ የሚታጠቀው በቀኝ ነው፣ ልጄ። ነጻው እግር ግራው ነው፤ ስለዚህ የሚወረወረው ግራው ነው” አሉኝ። “ዛሬ ጎራዴ የለም። እግሩ ግን አልረሳም።” ይህንን ጻፍኩት፤ አዲስ አበባ የነበረው አዘጋጅ ለማን ይጠቅማል ብሎ ሰረዘው።

ፈረስን ከፊልም የተማረ ሰው በግራ ይወጣል። አሌክሳንድሪያ ሰልፍ ላይ ባለፈረስ ፖሊስ ያየ ሰው በግራ ይወጣል። ፈንቴ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በሺፍቱ በየደቂቃው፣ መኪና ውስጥ የገባው በግራ በር ነው። መወጣጫው በግራ ተቀምጦለት ሳለ ዞሮ ወደ ቀኝ ሄደ። ግን ይህ ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ አይታተምም። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ አገኘሁትና በሠላሳ ዓመት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት።

“ፈንቴ፣ ፈረስ ላይ የምትወጣው በየት በኩል ነው?”

“በቀኝ ነዋ። በየት ልወጣ ኖሯል?”

“እዚህ ሁሉም በግራ ነው።”

“አይቻለሁ። አገራቸው ነው።”

“ታዲያ ለኖራ ለምን አልነገርካትም? ለልጅህስ?”

“ማን ጠየቀኝ?” አለ። “ደግሞ የወደቀ ሰው ምክንያት ሲያበዛ ደስ አይልም።”

ከዚያ ወደ ኖራ ሄድኩ። ያየሁትን፣ ሽማግሌው ያሉኝንና ፈንቴ የመለሰልኝን በተራ ነገርኳት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ “እነዚያን ፈረሰኞች ራስህ አይተሃል?” አይቻለሁ አልኳት። ብራይዲ የምትባል ሽሮ ቀለም ፈረስ እንዳለቻት ነገረችኝ፤ ብዙ ዓመት አካል ጉዳተኞችን ስታስጋልብ የኖረች። እነሱ አካላቸው በፈቀደላቸው በኩል ስለሚወጡ ብራይዲ ሁለቱንም ጎን ለምዳለች። “ነገ አራት ሰዓት” አለች።

ሐሙስ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ኖራ መወጣጫውን ራሷ አንሥታ በብራይዲ ቀኝ አስቀመጠች። ፈንቴ አንገቷን ዳበሰና በአገውኛ አንድ ነገር አላት፤ ምን እንዳላት ጠይቄው አልነገረኝም። ቀኝ እግሩን ርካቡ ውስጥ አስገባ፣ ግራ እግሩን ወረወረ፣ ተቀመጠ። ብራይዲ ንቅንቅ አላለችም። አሸዋውን ሁለት ጊዜ በሶምሶማ ዞረ። ሦስተኛው ላይ ኖራ እጇን አነሣች፣ የራሷን ፈረስ አስመጣች፣ በሩን አስከፈተችና ሁለቱ በሐይቁ ዳር ወዳለው ረጅም የሣር ሜዳ ወጡ።

እኔና ትርሲት በሩ ላይ ቆምን። እስከ ዛፎቹ በዝግታ ሄዱ፤ እዚያ ዞሩ፤ ወደ እኛ ሲመለሱ ግልቢያ ነበር። ፈንቴ ከፊት ነው። ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ የሚያሠቃየው ሰውዬ ፈረሷ ላይ የተሰፋ ይመስላል። በመሀል ወደ ኋላ ተገላምጦ አየ፤ ሰውነቱን ከፈረሷ አንገት ጎን ዝቅ አደረገ፤ ምንም ያልያዘውን ግራ እጁን ትከሻው ላይ አነሣ፤ ተመልሶ ቀና አለ። ይህን ሦስት ጊዜ አደረገ። ኖራ ፊቷ ቀልቶ ከኋላው ደረሰች።

“ይኼ ሰውዬ ከማን ነው የሚሸሸው?” አለች።

ጉግስ ላይ አንዱ እንደሚያባርር፣ ሌላው እንደሚሸሽ፣ የሚሸሸው የተወረወረበትን ዘንግ እያየ በጋሻው መመከት እንዳለበት ነገርኳት። ግራ እጁ ላይ የነበረው ጋሻው ነው።

“እኔ ነበርኩ ማለት ነው የማባርረው” አለች። “አልደረስኩበትም።”

ትርሲት ስልኳን እንደያዘች ነበር፤ ካሜራው ተከፍቷል፣ ወደ ሣሩ ዞሯል። አልቀረጸችም። ምሳ ላይ ሳለን እናኑ ከአሌክሳንድሪያ ደወለች፤ ድምፅዋን ሁላችንም ሰማን። “ጋለበ ነው የምትሉኝ? ቪዲዮው የታለ?”

“የለም፣ ማሚ” አለች ትርሲት በአማርኛ። “እኔ አይቼዋለሁ።”

ፈንቴ ሾርባውን ሲጠጣ ወደ እኔ ዞረ። “ሁለተኛ ምንጭ አገኘህ?”

“አገኘሁ።”

“ዘገየህ” አለና ዳቦ እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

ጋዜጣው ከተዘጋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ስለዚህ እርማቱን የማወጣው እዚህ ነው። ስለ ፈንቴ በጻፍኩት ጽሑፍ ውስጥ ፈረሰኛ መሆኑን የሚገልጽ አንቀጽ ቆርጬ ነበር። መቆረጥ አልነበረበትም። ግላስ መሸለሙን አሁንም አላረጋገጥኩም። ፈረሰኛ መሆኑን ግን ኖራና ትርሲት አይተዋል፤ እኔም አይቻለሁ። ከጋጣው ሰሌዳ ላይ “በገመድ” የሚለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠፍቷል።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ትርሲት ብራይዲ ላይ ወጣች። የወጣችው በቀኝ በኩል ነው።